ከሠርጉ በኋላ ያሉ ሰዎች

ቅዳሜ ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን ነው። ደብረ ብርሃን ያሉ የፍቅር ደራሲዎች ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸውን ጠርገው፣ የታጠበ ልብስ ለብሰው ይቀመጣሉ። አንዳንዱ ቤት ሽማግሌዎች ተከታትለው ይመጣሉ። አንዳንዱ ቤት ማንም አይመጣም። ማንም ያልመጣበት ደራሲ ሰኞ ከማተሚያ ቤቱ ይደወልለታል። ማተሚያ ቤት ይባላል እንጂ ማተም ከተወ ብዙ ጊዜው ነው።

አቤኔዘር ግርማቸው የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊ ነው። ለወጣቶችም ይጽፋል። ስድሳ ዓመት አልፎታል። መብራት ከሚያመነጩት የነፋስ ማማዎች ፊት ለፊት ባለ ሕንፃ፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ መስኮቱ ድረስ ይመጣል። ማማዎቹ አይታዩም፤ ሲዞሩ ግን ይሰማሉ።

ማለዳ ግድግዳው ይነቃል። ትርሲት ቀድማ ተነስታ ትጠብቀዋለች።

«ጉልበትህ እንዴት አደረ?»

«ያው ነው።»

«ቅባቱን አልተቀባህም።»

«ተቀብቻለሁ።»

«ጠርሙሱ ከትናንት ቦታው አልተነሳም፣ አባባ።»

ተነስቶ ይቀባል።

ትርሲት የመጽሐፍ ሰው ናት። ሲጀምራት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዛሬ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ማማ ላይ እየወጣች የተበላሸ ትጠግናለች። መጽሐፏን የያዘ ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ አለች። ጎንደር ያለ ቤት በጎንደር አነጋገር ታወራለች። ድሬዳዋ ያለ ቤት ስስ ልብስ ትለብሳለች። አቤኔዘር ግድግዳ ላይ ያለችው እሱ እንደጻፋት ናት። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። ከሌላው ሰው ግድግዳ ላይ ጠባሳው ተነስቷል፤ አንባቢ አልወደደውም።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ይጽፋል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ትርሲት ግድግዳው ውስጥ ቆማ መልሳ ትለዋለች።

«‹እወድሃለሁ ብዬ አልምልም፤ ግን ደረጃውን ስትወጣ እግርህን ከሌላ ሰው እግር እለየዋለሁ።›»

«እንዴት ነው?» ይላታል።

«ረዥም ነው። እንዲህ የሚል ሰው መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል።»

ይሰርዛል። «እግርህን እለየዋለሁ» የሚለው ብቻ ይቀራል። እንደገና ትለዋለች። አንገቷ ካልተገተረ ይተወዋል።

ረቡዕ የለቅሶ ቀን ነው። ረቡዕ ማታ አንባቢ እንዲያለቅስ ይፈለጋል። ለምን ረቡዕ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው የለም። ሐሙስ ጠዋት የት የት እንደተለቀሰ ለደራሲው ይነገረዋል። አንድ ሐሙስ «ባሕር ዳር አላለቀሰም» ተባለ። አቤኔዘር በሚቀጥለው ረቡዕ ትርሲትን ከማማ ላይ ጣላት። እጇ ተሰበረ። ባሕር ዳር አለቀሰ።

በማግሥቱ እጇን በጨርቅ አንጠልጥላ «ለምን ጣልከኝ?» አለችው።

«ረቡዕ ስለነበረ።»

«እሺ» አለች። «ጉልበትህስ?»

ከሰዓት በኋላ ዳቦ ለመግዛት ይወርዳል። ዳቦ ሻጩ ከእሱ ይልቅ ትርሲትን ያውቃታል።

«ትናንት ስለ እርስዎ ስታስብ ነበር፣ ጋሽ አቤኔዘር። አይተኛም አለችኝ።»

አቤኔዘር ዳቦውን ይዞ ይመለሳል። ይህን አልጻፈም።

መጽሐፎቹን ሁልጊዜ ሠርግ ላይ ይዘጋል። ዘፈኑ ይጀመራል፣ ሙሽራዋ ትነሳለች፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀጣይ ይባላል። ቀጣይን የሚሠራው የማተሚያ ቤቱ ማሽን ነው። ሙሽሮቹ ቤት ይይዛሉ፣ ይወልዳሉ፣ ያረጃሉ፤ የፈለገ አንባቢ ከፍሎ ያያል። ልጅ እስኪወለድ ዘጠኝ ወር የሚጠብቅ አንባቢ ስለሌለ እዚያ ዓመቱ በሁለት ወር ያልፋል። አቤኔዘር አንድም ቀን ቀጣይ ከፍቶ አያውቅም። አንዳንድ ቀን ግድግዳው ይጠራል፤ የጠሪው ስም አይወጣም። አያነሳም። ደራሲ የሆነ ሁሉ እንዲህ ያለ ጥሪ ይደርሰዋል፤ የሚያነሳ የለም።

ሐሙስ ዕለት ማክዳ ደወለች። ማክዳ ማተሚያ ቤቱ የመደበለት አርታዒ ናት።

«ጋሽ አቤኔዘር፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ቅዳሜ ለትርሲት ሽማግሌ ይመጣል።»

«ማን ነው የላከው?»

«አንባቢ ነዋ! ሌላ ማን ይልካል? መጽሐፎችዎን አንድ ሳይቀር አንብቧል። የመጀመሪያውን ሳይቀር። የመጀመሪያውን እኮ አሁን ማንም አይነካውም።»

«ስሙ ማነው?»

«ሚልክያስ ይላል። የቀረውን ቅዳሜ ይጠይቃሉ።»

«ትርሲትን አልሰጥም።»

ማክዳ ሳቀች። «ጋሽዬ፣ ውሉን ያውቁታል። ያለ ምክንያት መከልከል የለም።»

«ምን ምክንያት ትቀበላላችሁ?»

«ዝምድና ብቻ። እሷ ደግሞ ከማን ትዛመዳለች?» ደግማ ሳቀችና ዘጋች።

ሕጉ አጭር ነው። የተሰጠች ልጅ ከሰው ሁሉ ግድግዳ ትወጣለች። ከደራሲዋም ትወጣለች። የወሰዳት ሰው ግድግዳ ላይ ብቻ ትኖራለች። ደራሲው ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ አንድ መስመር አይጽፍም። አንባቢ ሠርጉን ያያል፣ ጥቂት ቀን ያዝናል፣ ሌላ መጽሐፍ ይጀምራል። አቤኔዘር በዚህ መንገድ ብዙ ሴቶች ሰጥቷል። በማግሥቱ ሌላ ይጀምር ነበር። ከትርሲት በፊት ስለ ጉልበቱ የጠየቀችው ግን አልነበረችም።

ትርሲት ግድግዳው ውስጥ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አላት።

«የምለውን አንተ አይደለህ የምትጽፈው?»

«ይህን አልጻፍኩትም።»

«እንግዲያው ምንም አልልም» አለችና ፊቷን ወደ ማማዎቹ አዞረች።

አቤኔዘር ጎረቤቱን ፌቨንን አንኳኳ። ፌቨን የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ሆና ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሽማግሌ ሲመጣበት የሴት ወገን ሆና የምትቀመጥለት እሷ ናት።

«አሁንስ የማን ተራ ነው?» አለችው በሩን ይዛ እየሳቀች።

«የትርሲት።»

ሳቋ ቆመ። «ትርሲትማ አይሆንም! የደም ግፊት ኪኒኔን ማን ያስታውሰኛል?»

«ከዝምድና ሌላ ምክንያት አይቀበሉም።»

«የማይረባ ሕግ! ሰውየው ጨካኝ ቢሆንስ? ሰካራም ቢሆንስ?»

«አይቆጠርም።»

ፌቨን አሰበች። «እንግዲያው ዘር አስቆጥራቸው። እስከ ሰባት ቤት። የእናቴ እናት ስትዳር ሲቆጥሩ ውለው ነበር አሉ። አሁን የሚችለው የለም። ሲጠፋቸው ሄደው ይጠይቁ፤ እስከ ሌላ ቅዳሜ ጊዜ ታገኛለህ።»

«እሺ።»

«የእሷን ዘር ቢጠይቁህስ?»

«ሲያስመዘግቧት ጠይቀውኝ የራሴን ሰጥቻለሁ። ትርሲት አቤኔዘር ናት።»

«ጎበዝ» አለች ፌቨን። «አባት ሆነህ ኖረሃል ለካ።»

ቅዳሜ ጉሙ ከወትሮው ወፈረ። አቤኔዘር ሻይ በፔርሙስ አደረገ። ፌቨን ቆሎ በሳህን ይዛ መጣች። ትርሲት ሳይነገራት ነጠላ ለብሳ ግድግዳው ጥግ ላይ ቆማለች።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከበሩ ውጭ ተሰማ።

«ደጆች! ይግቡ!»

ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። የጋቢያቸው ጫፍ በጉም ርሷል። ሽማግልና ዛሬ ለጡረተኛ የእንጀራ ሥራ ነው፤ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ሰው ይላካሉ። ከፊት የቆመው ጋሽ ያፌት የሚባል ረዥም ሰው ነው። ከኋላው ጋሽ ኪሩቤል አለ። ሦስተኛው ሲወጣ ደክሞት ስሙን እንኳ አልተናገረም።

«ተቀመጡ» አለ አቤኔዘር።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ጋሽ ያፌት።

«እግራችሁን ብታሳርፉት ይሻል ነበር፣ አባቶች» አለች ፌቨን። «ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ ስትመለሱም በደረጃው ነው።»

ጋሽ ኪሩቤል ሊስቅ ብሎ ተወው።

«ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን መጥተናል» አለ ጋሽ ያፌት። «ልጃችን ጨዋ ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም። ልጅዎን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል።»

«በአካል አይታችሁታል?»

«አባቱን በግድግዳ አግኝተናል። ዛሬ ማን ማንን በአካል ያያል?»

አቤኔዘር ወደ ፌቨን ዐየ። ፌቨን ራሷን ነቀነቀች።

«ዘሩን ቁጠሩልኝ» አለ። «እስከ ሰባት ቤት።»

ይደነግጣሉ ብሎ ጠብቋል። አልደነገጡም። ጋሽ ያፌት ከዘራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ይጠይቃችኋል ብለውናል። አጥኑ ተብለን አጥንተናል።»

ዐይኑን ጨፈነ።

«ልጁ ሚልክያስ ነው። የሚልክያስ አባት ኢዮአስ። የኢዮአስ አባት ዮፍታሔ። የዮፍታሔ አባት ሕዝቅያስ።»

አቤኔዘር እነዚህን ሰዎች አያውቅም።

«የሕዝቅያስ አባት ብሩክ። እናቱ ረድኤት።»

አቤኔዘር የያዘውን ስኒ አስቀመጠ። ብሩክና ረድኤት የመጀመሪያ መጽሐፉ ሙሽሮች ናቸው። ሕዝቅያስ የሚባል ልጅ ግን አልጻፈም። ሠርጉ ላይ ነው የዘጋው።

«ይቀጥሉ» አለ።

«የብሩክ አባት ደምሰው። ወፍጮ ቤት የነበረው። የግራ እጁ ሁለት ጣት የጎደለ።»

ደምሰው የአቤኔዘር አያት ነው። ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ሁለት ጣቱን የወፍጮው ቀበቶ ወሰደበት። አቤኔዘር የመጀመሪያ መጽሐፉን ሲጽፍ ለብሩክ አባት የሚሆን ሰው ቸግሮት አያቱን ከነጣቱ ሰጠው። የፍቅር መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የወንዱን አባት ልብ ብሎ አያይም።

ፌቨን በጣቷ እየቆጠረች ነበር። «ትርሲት፣ አቤኔዘር፣ ግርማቸው፣ ደምሰው! በእሷ በኩል አራት። በእሱ በኩል ስድስት። ሰባት አልሞላም! ዘመዳሞች ናቸው! አይጋቡም!» አለችና አጨበጨበች።

«ብሩክና ረድኤት የመጀመሪያ መጽሐፌ ሙሽሮች ናቸው» አለ አቤኔዘር። ጋሽ ያፌት ዐይኑን ገለጠ።

«ልጁ የመጽሐፍ ሰው ነው?» አለ።

«እኛ አላወቅንም» አለ ጋሽ ኪሩቤል ቶሎ ብሎ። «እንደ ሁልጊዜው ሰው የላከን መስሎን ነው። ያው ፊት ነው፣ ያው ድምፅ ነው።»

«ዝምድና ከተገኘስ ምን እንበል ብዬ ጠይቄያቸው ነበር» አለ ጋሽ ያፌት። ለማንም የሚናገር አይመስልም። «ደስ አለን በሉልን አሉኝ።»

ቆሎውን አልነኩም። ሻዩንም አልነኩም። ደንቡ ነውና ከመውጣታቸው በፊት መረቁ። «ዝምድናችሁን ያጽናው። ከእንግዲህ ተጠያየቁ።» ሦስተኛው ሽማግሌ መጀመሪያ ወጣ። ደረጃውን ሲወርዱ እግራቸው ለብዙ ጊዜ ተሰማ።

ፌቨን ቆሎውን ወደ ራሷ ሳበች። «ተገላገልክ! የማክዳን ፊት ሰኞ ባየሁት! ትርሲት፣ ነይ እስቲ፣ ሳቂ!»

ትርሲት አልሳቀችም።

«አባባ፣ ደምሰውን ለሌላ ለማን ሰጥተኸዋል?»

አቤኔዘር ለሁሉም ነበር የሰጠው። አንዴ ከሠራ በኋላ ሌላ ስም መፈለግ ትቶ ነበር።

ግድግዳው ጠራ። የጠሪው ስም አልወጣም።

«አይነሳም» አለ አቤኔዘር።

«ዘመድ ሲሆን ይነሳል» አለች ትርሲት። ራሷ ከፈተችው።

ከትርሲት ኋላ ያለው ሰፋ። ከዚያ በፊት ጥልቀት ያለው ግድግዳ ዐይቶ አያውቅም። አንዲት አሮጊት በከዘራ እየተረዳች ወደ ፊት መጣች። ፀጉሯ ነጭ ነው። ጀርባዋ ጎብጧል። እግሯ ላይ ባለ ተረከዝ ሰማያዊ የሙሽራ ጫማ አለ። ቆዳው ተሰነጣጥቋል። ያንን ጫማ አቤኔዘር ያውቀዋል፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ጽፎታል።

«አንቺ…» ብሎ ጀመረ። ዕድሜዋን ዐየ። «እርስዎ ረድኤት ነዎት?»

«የአጎትህ ሚስት ነኝ። አሁን ተቆጥሮ የለ?»

ፌቨን ቆሎ የያዘ እጇን ወደ ጭኗ አወረደች።

«ሠርጌ ላይ ዘፈኑ ሳያልቅ ወጣህ» አለች ረድኤት። «ጫማዬን የሚያወልቅልኝ ሰው አልነበረም። ማሽኑ ደራሲ ያለበሰውን አያወልቅም። በዚህ ጫማ ወለድኩ። በዚህ ጫማ ብሩክን ቀበርኩ።»

«መጽሐፉ አልቆ ነበር።»

«ለአንተ።»

«ትርሲትን ልትወስዱ ነበር የመጣችሁት?»

«እሷን ወስደን ምን እናደርጋታለን? እኛው በዝተን መቀመጫ አጥተናል።» ትርሲትን ዐየቻት። «አይክፋሽ፣ ልጄ። ስንጠራው ኖርን፣ አያነሳም። ሽማግሌ ስንልክ ግን በር ይከፍታል። ዘር ይቆጥራል። ያኔ ያገኘናል ብለን ነው። መጽሐፎቹን ሁሉ አገላብጦ መንገዱን ያገኘልን ሚልክያስ ነው።»

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለ አቤኔዘር።

«ብሩክ ሲሞት የሚያነበን ሰው ነበር። አለቀሱለት፤ ተቀበረ። ሕዝቅያስም ሞተ፣ ዮፍታሔም። ከዚያ የሚያነብ ጠፋ። ማሽኑ ያለ አንባቢ ሰው አይገድልም፤ ለማን ብሎ? ዓመት መጨመሩን ግን አይተውም። በየሁለት ወሩ አንድ ዓመት አረጃለሁ።» ከዘራዋ ላይ ተደገፈች። «መጨረሻዬን ጻፍልኝ።»

«ማተሚያ ቤቱ አይቀበለውም። አንባቢ የሌለውን…»

«ለማተሚያ ቤቱ አላልኩህም።»

ፌቨን ተነሳች። «አቤኔ፣ አጥፋው። በናትህ አጥፋው፣ አልወደድኩትም።»

«ተዪው» አለ።

ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ተቀመጠ። ወረቀት ሳበ። ትርሲት ከግድግዳው ጥግ ወንበር አምጥታ ለረድኤት አስጠጋች። ይህንንም አልጻፈላትም።

«ረድኤት ጫማዋን አወለቀች» ብሎ ጻፈ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

ረድኤት ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠች። የእግሯን ጣቶች አንቀሳቀሰች። ጣቶቿን እያየች ፈገግ አለች።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ጻፈ። እሱም አጭር ነበር። ሦስተኛውን ጽፎ ሲያነብ ድምፁ ዝቅ አለ። ፌቨን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቀና ሲል ወንበሩ ባዶ ነው። ሰማያዊው ጫማ ብቻ ወለሉ ላይ አለ።

ያኔ እግር ሰማ። ከግድግዳው ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ብዙ እግር። ተረከዝ ያለው አለ፣ ሸራ ጫማ አለ። ጉም በሚመስለው ውስጥ ሴቶችና ወንዶች ተሰልፈው ቆመዋል። ሁሉም አርጅተዋል። ሁሉም እሱ በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለበሳቸውን ጫማ አድርገዋል። ፊታቸውን አልለየውም። በጫማቸው አንድ በአንድ ለያቸው። ከፊት የቆመችው አንዷ ባዶ እግሯን ናት፤ ለእሷ ጫማ መጻፍ ረስቶ ነበር።

ትርሲት ሰልፉን እስከ መጨረሻው ዐየችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቅባት ጠርሙስ ዐየች። ዛሬም ከቦታው አልተነሳም።

«አባባ።»

«እ።»

«የእኔ ተራ ሲደርስ አንተ ትኖራለህ?»

አቤኔዘር አዲስ ወረቀት ሳበ። ባዶ እግሯን የነበረችው ሴት መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስሟን ረስቶታል። ጠየቃት።